ቅንፍ የበዛበት ሽምግልና

ሚካል መኩሪያ ቅንፍ ታበዛለች። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ መምህሯ ናቸው፣ ያውም በቀይ እስክሪብቶ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቴአትርና ድርሰት ማጥናት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ እስካሁን የጻፈቻቸው ተውኔቶች በሙሉ ግን አንድ ዓይነት በሽታ አለባቸው። አንድ ሰው «ደህና ዋልክ» ለማለት እንኳ በቅንፍ ውስጥ አራት መስመር ትዕዛዝ ይቀበላል። ወደ ግራ ይዞራል፣ አንገቱን ያክካል፣ የልጅነቱን ነገር ያስታውሳል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ደህና ዋልክ» የሚለው። ሰላም የተባለው ሰውዬ ደግሞ ከመመለሱ በፊት የራሱ አራት መስመር ይጠብቀዋል።

«ሚካልዬ» አሏት መምህር ማኑሄ አንድ ቀን፣ ወረቀቷን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተውኔት ያስተማሩ፣ ተማሪ የሚወዱ፣ ተማሪ የጻፈውን ግን እምብዛም የማይወዱ ሰው ናቸው። «ቅንፍ ተዋናዩን የማያምን ደራሲ የሚይዘው አለንጋ ነው። አውጪልኝ። ቃሉ በደንብ ከተጻፈ ሰውየው ማንም ሳያዘው አንገቱን ያክካል።»

«ባያክክስ?» አለች ሚካል።

«ባያክክ ምን ይሆናል?»

ሚካል ሰው ሳይነገረው በራሱ ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል ብላ አታምንም። አይፈረድባትም፤ ታላቅ ወንድሟን ዮኒን እያየች ነው ያደገችው።

ዮኒ ከመካኒሳ አቦ ሜክሲኮ ሚኒባስ ያሽከረክራል። ገላኔን የተዋወቃት እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። ልጅቷ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ጎን ትቀመጥና ቁልቁል ስልኳን እያየች ትሄዳለች። በሁለተኛው ወር ዮኒ ጋቢናውን ለሌላ ሰው መከልከል ጀመረ። ባዶ ወንበር እያየ «ተይዟል» ይላል። በስምንተኛው ወር ገላኔ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዓመቱ ሁለቱም እንጋባ አሉ፤ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አባቷ የሚመጡት።

ኦቦ ገዳ ከተማው ሳይመጣባቸው በፊት በቦታው የነበሩ ገበሬ ናቸው። ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሞ፣ እሳቸው ከጓሮ ስድስት የወተት ላሞች ይዘው ቀርተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። ሌላ አላገቡም፤ ከገላኔ ሌላ ልጅም የላቸውም። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩም ሰው መልሱን እስኪያገኝ ድረስ አያዩትም፣ ላም ነው የሚያዩት።

የዮኒና የሚካል አባት በሕይወት ስለሌሉ ሽምግልናውን የሚመሩት ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሉሰው ሆኑ። ከሳቸው ጋር ባለሱቁ ጋሽ ክብረትና የመንደሩ ነባር ኦቦ ዲንሳ ተሰለፉ። መጀመሪያ ሲሄዱ እንደ ወጉ «እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» ተብለው ተመለሱ። ይህ ያለ ነው፣ ማንም አልከፋውም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ግን ነገር ተበላሸ። ኦቦ ገዳ «ለመሆኑ ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ቀላል ጥያቄ ነበር። ጋሽ ሙሉሰው «በትራንስፖርት ዘርፍ የተሰማራ ነው» ሲሉ፣ ጋሽ ክብረት በዚያው ቅጽበት «የራሱን ሥራ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ነው» አሉ። ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ዮኒን ከሥሩ ተጋድሞ ስለሚያዩት «ኢንጂነር ነው» አሉ። ዕድሜው ሲጠየቅ አንደኛው ሃያ ስምንት፣ ሁለተኛው ሠላሳ ሁለት፣ ሦስተኛው «ኧረ ገና ልጅ ነው» ብለው አረፉት።

ኦቦ ገዳ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። «ለአንዲት ልጄ ሦስት ባል ነው እንዴ ያመጣችሁላት?» አሉ። «ሂዱና አንዱን መርጣችሁ ኑ። ሦስተኛው የመጨረሻችሁ ነው። ያኔም እንዲህ ከሆነ በሩን አልከፍትም።»

ገላኔ ይህን ስትሰማ ለዮኒ እቅጩን ነገረችው። «አባዬ እምቢ ካለ እኔም እምቢ ነኝ። እወድሃለሁ፤ ግን እሱን አስቀይሜ አልወጣም። አንድ እሱ ነው ያለኝ።»

ዮኒ ያን ዕለት ሁለት ማዞሪያ ስቶ ነዳ። ቤት እንደገባ ሚካል ፊት ቆመ።

«አንቺ ድራማ አይደል የምትማሪው?»

«ተውኔት ይባላል።»

«የፈለገውን ይባል። ሦስት ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ቆመሽ ስታለቅሺ ዝም ያልንሽ ለዚህ ቀን ነው። ጻፊላቸው! የሚሉትን ነገር አንድ በአንድ ጻፊላቸው፣ ይሸምድዱትና ይሂዱ።»

«ሽምግልና እኮ ቴአትር አይደለም፣ ዮኒ።»

«ሦስቱ ሲያወሩ ሰምተሽ ቢሆን ቴአትር ነው ትዪ ነበር። እባክሽ እህቴ። ካጣኋት አልድንም።»

እንዲህ ብሎ አያውቅም። ሲለምን የምታውቀው ቻርጀር ሲፈልግ ብቻ ነው። ሚካል ሆዷ ባባ። በዚያ ላይ መምህር ማኑሄ ለሴሚስተሩ መጨረሻ የሰጡት የቤት ሥራ ነበር፤ «አንድ ትዕይንት ጻፉ። ከዚያ ከራሳችሁ ሌላ በሆነ ሰው አፍ ሲነገር ሰምታችሁ፣ የሆነውን መዝግባችሁ ሰኞ አምጡ» ብለዋል። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል?

ሁለት ቀን ጻፈች። መጀመሪያ መምህሯ እንዳሏት ንግግሩን ብቻ አሰፈረች። አጭር፣ ጨዋና ለሦስት ሽማግሌ የሚበቃ ነበር። ከዚያ ግን ጋሽ ሙሉሰው በዓይነ ሕሊናዋ መጡባት። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቢናገሩስ? ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቢቀሩስ? በለሰለሰ ድምፅ የሚባለውን ቢጮኹበትስ? እጇ በራሱ ጊዜ ቅንፍ መክፈት ጀመረ። ስትጨርስ ዘጠኝ ንግግርና ሃያ ሦስት ቅንፍ ሆነ። ጋሽ ሙሉሰውን ብቻ ሳይሆን ኦቦ ገዳንም ጭምር አዘዘቻቸው፤ የት ላይ እንደሚያዳምጡ፣ የት ላይ ፈገግ እንደሚሉ። የመጨረሻው መስመር «(ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ።)» ነበር። ሽማግሌ ነገሩ ሳይሰምር አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ አለቀ ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት ወረቀቱን ለጋሽ ሙሉሰው አደረሰች። ጋሽ ሙሉሰው የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሁሉንም መስመር ፌርማታ ዛሬም በተርታ ይጠሩታል፤ የዓይን ሞራ ግን ፊደሉን ጋርዶባቸዋል።

«ግዴለሽም፣ ማሚቴ ታነብልኛለች» አሉ ወደ ባለቤታቸው እየጠቆሙ። «እሷ ያነበበችልኝን አልረሳም።»

እትዬ ማሚቴ መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። ማንበብ የተማሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ለዚህም ይመስላል ለጽሑፍ ያላቸው አክብሮት ልክ የለውም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ «የተመረተበት» እስከሚለው ያነቡታል። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ የተጻፈ ነገር አልዘልም» አሏት።

ሚካል ይህን ሰምታ ደስ አላት። እዚህ ላይ ቆም ብላ ብታስብ ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። ቅዳሜ ደውላ «ጋሼ፣ ያዙት?» ብትላቸው፣ «አንዲት ቃል አልቀረችኝም» አሏት ኮራ ብለው። «አንዴ ልበልልሽ?» ሲሏት ፈተና ነበረባትና «ኧረ አምንዎታለሁ» ብላ ዘጋችው። በሕይወቷ ሰው ያመነችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው የኦቦ ገዳን የቆርቆሮ በር አንኳኩ። ዮኒ ሚኒባሱን ከአጥሩ ትንሽ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ ሚካል ጋቢና ተቀምጣ ይጠብቃሉ። መቼም ዮኒ ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆንለትም። ጠዋት የጋሽ ሙሉሰውን ስልክ ተቀብሎ ወደ ራሱ ደወለበትና፣ መስመሩ ክፍት እንደሆነ የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተተላቸው። ቤት ውስጥ የሚባለው ሁሉ ሚኒባሱ ውስጥ ይሰማል።

«የሳቸው ስልክ ሁሌም ላውድ ላይ ነው» አላት ዮኒ። «እኛ የምንለውም እዚያ ይሰማል። ትንፍሽ እንዳትዪ።»

መጀመሪያ የተሰማው የበር መንቋቋት ነበር፣ ከዚያ የወንበር መጎተት፣ ከዚያ የኦቦ ገዳ ድምፅ፤ «ግቡ። ተቀመጡ።» ማንም አልተቀመጠም። ሚካል ወረቀቷን በልቧ ታነባለች። አሁን ጋሽ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ—

«ጋሽ ሙሉሰው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ» አለ ስልኩ። «በአክብሮት ጎንበስ ይላሉ። ትንሽ ዝም ይላሉ።»

ከዚያ እውነትም ዝም አለ።

ሚካል ሌላ ሰው የተናገረ መሰላት። ድምፁ ግን የጋሽ ሙሉሰው ነው፤ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» ሲሉበት የኖሩት ያ የትኬት ቆራጭ ድምፅ። የሚካል ስልክ ተርገበገበ። ጓዳ በር ኋላ የተደበቀችው ገላኔ ናት፤ «ባርኔጣ እኮ አላደረጉም። ምኑን ነው የሚያወልቁት?»

«እንደምን አደራችሁ» ቀጠሉ ጋሽ ሙሉሰው። «ደጃችሁን ለሦስተኛ ጊዜ የረገጥነው ደፍረናችሁ ሳይሆን አክብረናችሁ ነው። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ይለሰልሳል።»

ምንም አልለሰለሰም።

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። እትዬ ማሚቴ የተጻፈ ነገር አይዘሉም። ሚካል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዮኒ «ምንድን ነው?» በሚል ዓይን ያያታል፤ እሷ ደግሞ ጣቶቿን ቅንፍ አድርጋ በአየር ላይ ታሳየዋለች፤ እሱ ልብ የምትሠራ መስሎት አውራ ጣቱን አነሣላት።

በዚህ መሀል የሚኒባሱ በር ሸርተት አለና ነጠላ የለበሱ አንድ ትልቅ ሴት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይመስላል ገብተው ተቀመጡ። «ሜክሲኮ ነው?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ወንድምና እህት እኩል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ሴትዮዋ ስልኩን አዩ፣ ጆሯቸውን አቀኑ፣ ወደ ሚካል ተጠግተው በሹክሹክታ፣ «የትኛው ጣቢያ ነው?» አሉ።

«ልጃችን ዮናስ ጨዋ ልጅ ነው» ይላል ስልኩ። «ክብረትና ዲንሳ በአንድነት፣ እውነት ነው።»

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ክብረትና ኦቦ ዲንሳ ደንግጠው።

ኦቦ ገዳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ሚካል ቋንቋውን ብዙም አትሰማም፤ ግን ጥያቄው ኦሮምኛ ለማይችልም የሚገባ ነበር፤ «ሰውየው ምን ሆኗል?» ነው። ኦቦ ዲንሳ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ብዙ አላሰቡም። ቀስ ብለው በኦሮምኛ መለሱ። ገላኔ ወዲያው ተርጉማ ላከች፤ «የሀገራቸው ወግ ነው ብሎታል!!»

«ሚኒባስ ያሽከረክራል፤ ሞተሩንም ራሱ ይጠግናል። ባለፈው ሦስት ሰው መስሎ ቀርቦ እንደነበር ሰምተናል። አንድ ነው። ኦቦ ገዳ ፈገግ ይላሉ።»

ዝም አለ።

«ኦቦ ገዳ ፈገግ ይላሉ» ደገሙት ጋሽ ሙሉሰው፣ ተሳፋሪ ሳይወርድ በር እንደማይዘጋ ሰው።

ሚካል የወንድሟን ትዳር በገዛ እጇ እንደገደለችው ገባት። መምህር ማኑሄ እውነታቸውን ነው፤ ምናለ በሰማኋቸው ኖሮ አለች በልቧ። ከዚያ የኦቦ ገዳ ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፤ የሰው ወግ ላለመንካት እንደሚጠነቀቅ ሰው።

«ገዳ ፈገግ አይልም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ለዚህ የሚሆን መልስ ወረቀቱ ላይ የለም። ጋሽ ሙሉሰው ሁለቴ አሳላቸው። «ጋሽ ሙሉሰው...» አሉ፣ «ጋሽ ሙሉሰው ይደነግጣሉ። ቀጥሎ ያለው ይጠፋባቸዋል።»

«ገዳ ይህን ያያል።»

«ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።»

«ገዳ ተቀመጡ ብሎ ነበር።»

«ሳይፈቀድላቸው አይቀመጡም። ሦስተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ማሚቴ ፊት ምን ብለው እንደሚቆሙ አያውቁም።»

አንድ ሰው ትልቅ ትንፋሽ ሳበ።

«ገዳ ወደ ጓዳው በር ያያል» አሉ ኦቦ ገዳ። «ልጁ ከበሩ ኋላ ቆማ እንደምትሰማ ያውቃል። ድሮም እንደዚሁ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። ገዳ ሹሩባ መሥራት አያውቅም። በላም ጭራ ላይ ነው የተማረው። ሰው ሁሉ ስቋል። ልጅቱ ግን ተሠርታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው።»

ሚካል የገላኔን መልእክት ጠበቀች። አልመጣም።

«ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ የመለሳቸው ንግግራቸው ስለተበላሸ አይደለም። ባይበላሽም ይመልሳቸው ነበር። ገዳ ይፈራል። ከላሞቹ ተመልሶ ቤት ሲገባ የሚጠራው ስም ያጣል።» ትንሽ ቆየ። «ይህን ግን ለማንም አይናገርም።»

ሚካል አለቀሰች። መስታወት ፊት እንደምትለማመደው አልነበረም፤ ንፍጧ ሁሉ ነው የወረደው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው በቅንፍ ውስጥ ምን እንደሚሰማው እየፈጠረች ስትጽፍ፣ እንዲህ ያለ መስመር ጽፋ አታውቅም። ዮኒም ዓይኑ ቀልቷል። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲወዛወዝ ቆየና፣ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ረስቶ ስልኩ ላይ ጮኸ።

«እዚሁ ነው የምንኖረው! ኦቦ ገዳ፣ እዚሁ ሰፈር ነው! የትም አልወስዳትም!»



«ከጋሽ ሙሉሰው ኪስ ድምፅ ይሰማል» አሉ ጋሽ ሙሉሰው።

«ገዳ ኪሱን ያያል» አሉ ኦቦ ገዳ። «በየቀኑ ትመጣለች ወይ ብሎ ኪሱን ይጠይቃል።»

«በየቀኑ! ጠዋት ስወስዳት፣ ማታ ስመልሳት! መንገዴ ነው!»

«ወተትም ከእርስዎ ነው የሚወስዱት!» ጨመሩበት ሴትዮዋ፣ ወንበሩን ተደግፈው ወደፊት ተንጠራርተው።

«እማማ፣ ዝም ይበሉ!» ጮኸች ሚካል።

«ገዳ ይገረማል» አለ ድምፁ። «አንድ ነው ተብሎ ነበር። አሁንም ሦስት ሆነ?»

አንድ ነገር ተሰማ፤ መጀመሪያ ሳል መሰላቸው። ጋሽ ሙሉሰው ግን በዓይናቸው ባያነቡም ፊት ያያሉ፤ ይህችን መስመር ለማለት ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ ተዘጋጅተዋል።

«ኦቦ ገዳ ፈገግ ይላሉ!» አሉ በድል ድምፅ።

«ይላል» አሉ ኦቦ ገዳ። ትንሽ ቆዩና፣ የሚካልን ወረቀት አንድም ቀን ሳያዩት፣ የመጨረሻ መስመሯን ቃል በቃል ተናገሩት። «ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ።»

ሦስት ወንበር ተንቋቋ። ዮኒ መሪው ላይ በግንባሩ ተደፋና ጥሩምባው ጮኸ፤ እስከ ብስራተ ገብርኤል የተሰማ ይመስለኛል። ሴትዮዋ እልል አሉ። እልልታው ሲያበቃ፣ «ሜክሲኮ ግን አትሄዱም?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ኦቦ ገዳ እስከ በር ሸኟቸው። ከዚያ አልተመለሱም፤ ቀጥ ብለው ወደ ሚኒባሱ መጡ። ዮኒ ከመሪው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም፤ በሚካል በኩል ባለው መስኮት ቆሙ።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ ገዳ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቅንፍ ያለው እኮ የሚነገር አልነበረም፤ በልብ የሚያዝ ነው።»

«ዲንሳ የሀገራቸው ወግ ነው አለኝ። ልጄ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ ከመንዙም ከጎጃሙም ጋር ስንት ሽምግልና ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ወግ በምድር ላይ የለም።»

«ታዲያ ለምን...»

ኦቦ ገዳ ላም ፈልገው ዙሪያቸውን አዩ። ላም አልነበረም። ሚካልን አዩ። «ተመቸኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ያቺን ወደ ጓዳው በር እያየሁ በቅንፍ ውስጥ ያልኳትን ለሰው እንዳታሳዪ» አሉና ሄዱ።

ሚካል እሺ አለች። እሺ ካለች በኋላ ነው ሰኞ ትዝ ያላት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት መምህር ማኑሄ ቢሮ ወረቀቷን አስረከበች። የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ጽፋለች፤ ስም ቀይራለች፣ ከራሷ አንድም የቅንፍ ትዕዛዝ አልጨመረችም። መምህር ማኑሄ እያነበቡ ሁለት ጊዜ ሳቁ፤ እሳቸው ተማሪ በጻፈው መሳቅ አይወዱም። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሰው ቆሙ። አባትየው ወደ ጓዳው በር የሚያይበት ቦታ ነው። ገጹ መሀል ላይ አንድ ቅንፍ አለ፣ ተከፍቶ የተዘጋ። ውስጡ ምንም የለም።

«ይሄ ምንድን ነው? ስሕተት ነው?»

«አይደለም።»

«እዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ለሰው አላሳይም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«ታዲያ ተዋናዩ እዚህ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

ሚካል አሰበች። «ያውቀዋል» አለች።

መምህር ማኑሄ ቀይ እስክሪብቶውን አነሡ፣ ባዶውን ቅንፍ ሊሰርዙት ጫፉን አስጠጉ። አስጠግተው ቆዩ። ሴት ልጃቸው ባለፈው ዓመት አግብታ ሐዋሳ ሄዳለች፤ ይህን ሚካል አታውቅም። እስክሪብቶውን ሳይጽፉበት መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ማንም ሳያዛቸው አንገታቸውን አከኩ።